የ8088 ባልደረቦች

ስሙ፣ የአንድ ሰሌዳ ታሪክ ልንገራችሁ። ዘመኑ 1980 ነው፤ በዚህ ትረካ የምጠራው ቀን፣ ወርና ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ ፍሎሪዳ፣ ከተማው ቦካ ራቶን ይባላል። እዚያ፣ ከአይቢኤም ዋና መሥሪያ ቤት ርቀው የተቀመጡ ጥቂት መሐንዲሶች ትእዛዝ ተቀብለዋል፦ ሰው በቤቱና በቢሮው ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ኮምፒውተር በአንድ ዓመት ውስጥ ሠርታችሁ አስረክቡ።

አንድ ዓመት! አይቢኤም እኮ አንድ ማሽን አስቦ፣ ሠርቶ፣ ፈትሾ ገበያ ለማውጣት ዓመታት የሚፈጅ፣ ቺፑንም ሳይቀር ራሱ የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ቢል ሎው የተባለው ኃላፊ ለአለቆቹ ቁርጡን ነገራቸው። በዚህ ፍጥነት የሚደረሰው ክፍሎቹን ከገበያ ገዝተን ከገጣጠምናቸው ብቻ ነው አለ። ፈቀዱለት። ሎው ወደ ሌላ ሹመት ሲዛወር ሥራውን ዶን ኤስትሪጅ ተረከበው፤ የሰሌዳው ንድፍ በሉዊስ ኤገብሬክት እጅ ገባ።

ስለ ኮምፒውተር ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ፕሮሰሰሩን ነው። «ባለ 286 ነው፣ ባለ 386 ነው፣ ፔንቲየም ነው» ይባላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ሌሎቹ ነው። በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ተሰልፈው ምቱን ስለሚያቀብሉት፣ ሜሞሪው እንዳይረሳ ስለሚጠብቁት፣ ማን መቼ እንደሚያናግረው ስለሚወስኑት ቺፖች። የፒሲን፣ የዚያን የቦካ ራቶን ኮምፒውተር፣ ዕድል የወሰኑት እነሱ ናቸው። ይህን የምለው ለዝቅተኞች ልሟገት ብዬ አይደለም፤ ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ግን ፕሮሰሰሩ ከየት እንደመጣ እንይ።

በ1976 ኢንቴል አንድ ትልቅ ሕልም ነበረው። ኋላ 432 ተብሎ የተጠራ፣ እጅግ የረቀቀ ፕሮሰሰር ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። ሕልሙ ዘገየ። ተፎካካሪዎች እየቀደሙ ሲሄዱ፣ ያ እስኪደርስ ገበያውን የሚይዝ አንድ መሸጋገሪያ ቺፕ ይሠራ ተባለ። በግንቦት 1976 ሥራው ለስቲቨን ሞርስ ተሰጠ። ሞርስ ከሃርድዌር ይልቅ ወደ ሶፍትዌር ያደላ ሰው ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ምን ምን ትእዛዝ ማወቅ እንዳለበት ከፕሮግራም ጸሐፊው ወገን ሆኖ አሰበው። ሰኔ 8 ቀን 1978 መሸጋገሪያው ተወለደ፤ ስሙም 8086 ተባለ። በውስጡ 29,000 ትራንዚስተሮች ነበሩት። መሸጋገሪያ የተባለው ቺፕ ቋንቋ ዛሬም በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይነገራል፤ ትልቁ ሕልም 432 ግን ገበያ ወጥቶ ብዙም ሳይራመድ ቀረ።

ከ8086 በኋላ ታናሽ ወንድሙ መጣ። በእስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ፣ ዶቭ ፍሮማን በ1974 ባቋቋመው የኢንቴል የንድፍ ማዕከል ውስጥ ነው የተሠራው። 8088 አሉት፤ በ1979 ወጣ። ውስጡ ከታላቁ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ በ16 ቢት ያስባል። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። 8086 ከሜሞሪ ጋር የሚነጋገረው በ16 መስመር ሲሆን 8088 በ8 መስመር ብቻ ነው። ታላቁ በአንድ ጊዜ የሚያመጣውን ታናሹ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ያመጣል።

ታዲያ ቀርፋፋውን ማን ይመርጣል? የቦካ ራቶን ሰዎች መረጡት!

በዚያው ዘመን የሞቶሮላ 68000 ገበያ ላይ ነበር። 64 እግሮች ያሉት፣ ሰፊ፣ ለፕሮግራም ጸሐፊ የሚመች ግሩም ፕሮሰሰር ነው። 8088 አድራሻ የሚጠራባቸው መስመሮች 20 በመሆናቸው የሚያየው ሜሞሪ 1 ሜጋባይት ነው፤ 68000 ግን 16 ሜጋባይት ያያል። ፕሮሰሰርን ከፕሮሰሰር ብቻ ካወዳደራችሁ ፍርዱ ግልጽ ነው፤ 68000 ይበልጣል።

ነገር ግን ፕሮሰሰር ብቻውን ምንም አይሠራም። ሰሌዳ ላይ ብቻውን ተክላችሁ ኤሌክትሪክ ብትሰጡት ምቱን የሚያቀብለው የለም፣ ኪቦርዱን የሚያነብለት የለም፣ ዲስኩን የሚያደርስለት የለም። ለ8088 እነዚህ ሁሉ ተሠርተው፣ ረክሰው፣ በብዛት እየተሸጡ ነበር። ኢንቴል ለቀደሙት 8080 እና 8085 ያወጣቸው ባለ 8 ቢት ረዳቶች በቀጥታ ይገጥሙታል፤ በሩ እንደነሱ 8 መስመር ነውና። ሜሞሪውም እንዲሁ ነው። ባለ 16 መስመር ፕሮሰሰር የሜሞሪ ቺፖቹን በእጥፍ ረድፍ ይፈልጋል፤ ባለ 8 መስመሩ በግማሹ መነሣት ይችላል። በዚያ ላይ የቦካ ራቶን ሰዎች ዳታማስተር የሚባል የቢሮ ኮምፒውተር በ8085 ሲሠሩ ቆይተው ነበር። የኢንቴልን ረዳቶች ጠባይ ከነድካማቸው ያውቃሉ። የካርድ ማስገቢያ መስመሩን እንኳ ከዳታማስተር አንሥተው አሻሻሉት። አንድ ዓመት ለተሰጠው ሰው የሚያውቀው ዕቃ ከማያውቀው የተሻለ ዕቃ ይበልጥበታል። ስለዚህ ዓለምን የገዛው ፕሮሰሰር የተመረጠው በራሱ ብቃት ብቻ አይደለም፤ በባልደረቦቹም ነው።

አሁን ክዳኑን እንክፈትና ሰሌዳውን እንየው።

ከሁሉ በፊት ምቱ አለ። በሰሌዳው ላይ አንዲት ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ተቀምጣለች፤ በሰከንድ 14.31818 ሚሊዮን ጊዜ ትርገበገባለች። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከቴሌቪዥን ነው! የአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀለም የሚለይበት ድግግሞሽ 3.579545 ሜጋኸርዝ ነው፤ ያንን በአራት ስታባዙት የክሪስታሏን ቁጥር ታገኛላችሁ። መሐንዲሶቹ ኮምፒውተሩ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ቀለም እንዲያሳይ ፈለጉ፤ ለዚያ አንድ ክሪስታል ያስፈልጋቸዋል። ለፕሮሰሰሩ ደግሞ ሌላ ክሪስታል ከሚገዙ ያንኑ ከፋፈሉት። 8284 የተባለው ቺፕ ድግግሞሹን ለሦስት አካፈለና ለ8088 በሰከንድ 4.77 ሚሊዮን ምት ሰጠው። ቺፑ እስከ 5 ሜጋኸርዝ ይችል ነበር። የተረፈችውን ፍጥነት በአንዲት ክሪስታል ዋጋ ለወጧት። ያው ድግግሞሽ ለ12 ሲካፈል ደግሞ 1.193182 ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ ይህችን ቁጥር አደራ ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ቀጥሎ 8288 አለ። 8088 እግሮቹ 40 ብቻ ናቸው፤ ለሥራው አይበቁትም። ስለዚህ አንዱን እግር ለሁለት ሥራ ያውለዋል፤ መጀመሪያ አድራሻ ያወጣበታል፣ ወዲያው ደግሞ በዚያው ዳታ ያሳልፍበታል። አድራሻውን ይዘው የሚያቆዩለት ትንንሽ ቺፖች ከጎኑ ተደርድረዋል። አይቢኤም ሌላ ፕሮሰሰር ከጎኑ እንዲተከል ቦታ ስለተወ 8088 የሠራው «ማክሲመም» በሚባለው አኳኋን ነው። በዚህ አኳኋን «አንብብ»፣ «ጻፍ» የሚሉትን ምልክቶች ራሱ አያወጣም፤ ሐሳቡን በሦስት እግሮች ለ8288 ያመለክተዋል፣ 8288 ተርጉሞ ለሰሌዳው ሁሉ ያሰማል።

ሜሞሪው ጋ ስንደርስ ቆም እንበል፤ የዚህ ማሽን ብልሃት የሚታየው እዚህ ነው። በሰሌዳው ላይ የሜሞሪ ቺፖች በአራት ረድፍ ይቀመጣሉ፤ በየረድፉ ዘጠኝ ዘጠኝ ናቸው። ስምንቱ ዳታ ይይዛሉ፣ ዘጠነኛው ይመሰክራል። ከስምንቱ አንዱ ቢዋሽ ዘጠነኛው ያጋልጠዋል፣ ማሽኑም «ፓሪቲ ቼክ» ብሎ ቀጥ ይላል። ርካሹ ማሽን አንዱን ረድፍ ብቻ፣ 16 ኪሎባይት ይዞ ነበር የሚሸጠው፤ አራቱ ሲሞሉ 64 ኪሎባይት ይሆናል። ግን እነዚህ ቺፖች ይረሳሉ። እያንዳንዷን ቢት የሚይዙት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ክምችት ነው፣ ክምችቱም ይፈሳል። በ2 ሚሊሰከንድ ውስጥ 128ቱም መስመሮቻቸው አንድ አንድ ጊዜ ካልተነኩ የያዙት ሁሉ ይጠፋል። ማን ይንካቸው? ለዚህ ብቻ የሚሆን የተለየ ዑደት መሥራት ገንዘብ ነው። ኤገብሬክትና ጓደኞቹ ያደረጉትን ስሙ።

8253 የሚባለው የሰዓት ቺፕ ሦስት ቆጣሪዎች አሉት። የአንዱን ቆጣሪ ሥራ እንዲህ አደረጉት፦ ከዚያች 1.193182 ሜጋኸርዝ ላይ እስከ 18 ቁጠር፣ ስትጨርስ ምልክት ስጥ፣ እንደገና ጀምር። ይህ በየ15 ማይክሮሰከንዱ መሆኑ ነው። ምልክቱ የሚደርሰው ለ8237 ነው። 8237 ዲኤምኤ የሚባለውን ሥራ የሚሠራ ቺፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሳይደክም ዳታን በቀጥታ ከሜሞሪ ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ ሜሞሪ ያመላልሳል። አራት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያውን መንገድ ለማስታወስ ብቻ አዋሉት፤ ምልክት በደረሰው ቁጥር ፕሮሰሰሩን ለቅጽበት «ቆይ» ብሎ መስመሩን ይረከብና ከሜሞሪው አንድ ቦታ ያነብባል። ያነበበውን የሚቀበል የለም፤ ቁም ነገሩ መንካቱ ነው። 128 ጊዜ 15 ማይክሮሰከንድ ብትደምሩ 2 ሚሊሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይጠናቀቃል። ለሌላ ሥራ የተገዙ ሁለት ቺፖች፣ ከትርፍ ጉልበታቸው ቀንሰው፣ የማሽኑን ትዝታ በሕይወት አቆዩት። እኔ በዚህ ማሽን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የምህንድስና ውበት አላውቅም።

8237 ሌላም ትልቅ ሥራ ነበረው፤ ፍሎፒ ዲስክ። ዲስኩ ሲዞር በየ32 ማይክሮሰከንዱ አንድ ባይት ይመጣል፣ የሚጠብቅም የለም፤ ካልተያዘ አለፈ። ይህ ለ8088 የ150 ምት ያህል ጊዜ ነው፤ ለማንሣት ቢበቃውም ሌላ ሥራ ሁሉ መተው አለበት። 8237 ስላለ ግን ባይቱን እሱ ተቀብሎ ሜሞሪ ውስጥ ያኖረዋል። የሌለበትን ማሽን ማየት የፈለገ አይቢኤም በ1983 መጨረሻ ያስተዋወቀውን ፒሲ ጁኒየር ይይ። ለቤት እንዲረክስ ብለው ይህን ቺፕ አወጡበት፤ ፕሮሰሰሩ ዲስክ በሚያነብበት ጊዜ ለሌላ ነገር እጁ የታሰረ ሆነ። ማሽኑ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው በ1985 መጋቢት ላይ ምርቱ ቆመ። የጁኒየር ድካም ይህ ብቻ አልነበረም፤ ኪቦርዱም ብዙ ተወቅሷል። ሆኖም የአንድ ረዳት ቺፕ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ያሳየ ማሽን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 8237 ንድፉ የኢንቴል አልነበረም፤ ኤኤምዲ 9517 ብሎ ያወጣው ቺፕ ነው፣ ኢንቴል በራሱ ቁጥር አወጣው። ደግሞ የተሠራው ለባለ 64 ኪሎባይት ዓለም ስለሆነ የሚጠራው አድራሻ 16 ቢት ብቻ ነው። 8088 ግን 20 ይጠራል። የጎደሉትን አራት ቢቶች አይቢኤም በሌላ ትንሽ ቺፕ ሞላለት፤ ግን ሁለቱ ቺፖች አይነጋገሩም። ዳታው 64 ኪሎባይት ድንበር ላይ ሲደርስ 8237 ወደ ዜሮ ይመለሳል እንጂ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የዲስክ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ይህን ድንበር እየተጠነቀቀ ኖረ።

አሁን ደግሞ ወደ 8259። ኪቦርድ ሲነካ፣ ሰዓት ሲሞላ፣ ዲስክ ሥራውን ሲጨርስ ሁሉም ፕሮሰሰሩን ማናገር ይፈልጋል። 8088 ለዚህ ያለው ተራ በር ግን አንድ ነው። 8259 እንደ ቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካይ በሩ ላይ ቆመ። ስምንት ባለጉዳዮች ይቀበላል፤ በማዕረግ ያሰልፋቸዋል፤ ትልቁ ቀድሞ ይገባል፣ ዝቅ ያለው ይጠብቃል፣ ፕሮሰሰሩም «ጨርሻለሁ» ብሎ ሳይነግረው ተከታዩን አያስገባም። በማዕረግ አንደኛ የሆነው ሰዓቱ ነው፣ ሁለተኛው ኪቦርዱ፤ ፍሎፒ ዲስኩ ሰባተኛ ሆኖ ይቆማል። ኪቦርድ ከዲስክ መቅደሙ ተጠቃሚው የጻፋት ፊደል እንዳትጠፋ ነው፤ ዲስኩ 8237 አለለት፣ ይታገሣል።

የሰዓቱ ባለጉዳይ የ8253 ሌላው ቆጣሪ ነው። እስከ 65,536 ይቆጥርና ያንኳኳል፤ በሰከንድ 18.2 ጊዜ ይሆናል። ማሽኑ ጊዜን የሚያውቀው በዚህ ነው። ባትሪ ያለው ሰዓት ስላልነበረው በተከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ባለቤቱን ይጠይቅ ነበር። ሦስተኛው ቆጣሪ ስፒከሩን ያስጮኻል። በዘመኑ የፒሲ ጨዋታዎች ሁሉ የተሰማው ያ ቀጭን «ጢጥ» ድምፅ የ8253 ድምፅ ነው። ስፒከሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ የኪቦርዱን ቁልፍ የሚያነበው፣ በሰሌዳው ላይ ያሉትን ትንንሽ ማብሪያዎች ቆጥሮ «ይህን ያህል ሜሞሪ አለ» የሚለው ደግሞ 8255 ነው።

ከ8088 ጎን ባዶ ሶኬት አለ። የ8087 ማረፊያ ነው። 8087 የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለ ነጥብ ቁጥር ያሰላል። ከ8088 ጋር አንድ መስመር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ትእዛዝ ሁሉ ያዳምጣል፤ ተራ ትእዛዝ ሲሆን ዝም ይላል፣ የሒሳብ ትእዛዝ ሲሆን ይነሣል። ትራንዚስተሮቹ 45,000 ያህል ናቸው፤ ረዳት ተባለ እንጂ ከጌታው ይበልጣል። በ1980 ሲወጣ ንድፉን ካማከሩት አንዱ የበርክሌዩ ሊቅ ዊልያም ካሃን ነበር። ያኔ ኮምፒውተሮች እንደየኩባንያቸው ያሰሉ ነበር፤ አንድ ስሌት በሁለት ማሽን ሁለት መልስ ይሰጥ ነበር። ካሃን ለዚህ ሕግ ይውጣ ብሎ ተሟገተ፣ በ8087 የተሞከረው ሐሳብ በ1985 የዓለም መለኪያ ሆነ። ዛሬ በስልካችሁ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰርም ባለ ነጥብ ቁጥር የሚያሰላው በዚያ ሕግ ነው። ካሃን በ1989 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ።

አምስት የካርድ ማስገቢያዎች ከኋላ ተደርድረዋል፤ ካርዶቹ ላይ ያሉት ባልደረቦች ከሌላ ቤት የመጡ ናቸው። ፍሎፒውን የሚያዘው 765 የጃፓኑ ኤንኢሲ ንድፍ ነው። የሞደም መስመሩን የሚያናግረው 8250 የናሽናል ሴሚኮንዳክተር ነው። ስክሪኑን የሚመራውስ? 6845 ይባላል፤ ንድፉ የሞቶሮላ ነው! በፕሮሰሰር የተረታው ሞቶሮላ በስክሪን በኩል ገብቷል። ያ ሰሌዳ የአንድ ኩባንያ ሥራ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ስክሪኑን ካነሣን ከእኛው ፊደል ጋር የሚገናኝ ነገር አለ። 6845 የፊደል ቅርጽ አያውቅም፤ ስክሪኑ ላይ የትኛው መስመር እንደተደረሰ ብቻ ይቆጥራል። ቅርጹ የተቀረጸው በማይለወጥ ሌላ ቺፕ ላይ ነው፤ ቦታውም ለ256 ቅርጾች ብቻ ነው፣ ሁሉም በላቲን ፊደል፣ በመስመርና በሌሎች ምልክቶች ተይዟል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹንና ቁጥሮቹን ሳንጨምር። ባለ ቀለሙ ካርድ በሥዕል አኳኋን ሲሠራ ፕሮግራም ጸሐፊው የራሱን ቅርጽ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር፤ ግን ለ128 ቅርጾች ብቻ። ስለዚህ በ1980ዎቹ በፒሲ ላይ አማርኛ ለመጻፍ የተነሡ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የገጠማቸው ግንብ ከቋንቋው አልመጣም፤ ከዚያች የፊደል ቺፕ ነው የመጣው። አንዱ መውጫ እያንዳንዱን ፊደል ነጥብ በነጥብ መሣል ነበር፤ ሌላው በ1984 የመጣው፣ የፊደል ቅርጽ ከሜሞሪ የሚቀበለው ኢጂኤ ካርድ ነው። ግንቡን ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለወጣው የአንዱን ጽሑፍ የሌላው ፕሮግራም አያነበውም ነበር፤ ፊደላችን አንድ የጋራ ቁጥር ያገኘው በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ለእነዚያ ቀደምት ባለሙያዎች የሚገባቸውን ያህል አልተነገረላቸውም።

ወደ ቦካ ራቶን እንመለስ። ነሐሴ 12 ቀን 1981 ማሽኑ በኒውዮርክ ለሕዝብ ታየ፤ የመነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ነበር። አይቢኤም ከማሽኑ ጋር የሰሌዳውን ሙሉ ንድፍ የያዘ መጽሐፍ ሸጠ፤ ባዮስ የሚባለው መነሻ ፕሮግራም ሳይቀር መስመር በመስመር ታትሞበት ነበር። ቺፖቹ በየሱቁ አሉ፣ ንድፉ በመጽሐፉ አለ። የአይቢኤም ብቻ ሆኖ የቀረው ባዮሱ ነው፤ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ መገልበጥ አይቻልም። ኮሎምቢያ ዳታ ፕሮዳክትስ በ1982 ሳይገለብጥ እንደ አዲስ ጻፈው፣ ኮምፓክም ተከተለ። ከዚያ ወዲያ «ፒሲ» የአንድ ኩባንያ ዕቃ መሆኑ ቀረ።

ግን ልብ በሉ፤ ተመሳሳይ ማሽን ለመሥራት 8088ን መግዛት ብቻ አይበቃም ነበር። 8253 በዚያው ቁጥር ላይ መገኘት አለበት፣ ምቱም ያው 1.193182 መሆን አለበት። 8259 በዚያው ማዕረግ ማሰለፍ አለበት። ጨዋታና ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ባዮሱን አልፈው ቺፖቹን በቀጥታ ያዝዙ ነበርና። ይህን ያላስተዋለው ራሱ ኢንቴል ሆነ። በ1982 ያወጣው 80186 ሰዓቱን፣ ዲኤምኤውን፣ እልፍኝ አስከልካዩን ሁሉ በአንድ ቺፕ ውስጥ አጠቃሎ ነበር፤ ግሩም ሐሳብ ነው፣ ነገር ግን አቀማመጣቸው ከፒሲው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ፒሲ ሠሪዎች አብዛኞቹ አለፉት። ፕሮሰሰሩ ለባልደረቦቹ ተገዥ የሆነበት ጊዜ መጣ ማለት ነው።

የችኮላው ዕዳም ተከተለ። ለፕሮሰሰሩ የሚቀርበው እያንዳንዱ ጥሪ ቁጥር አለው፤ ኢንቴል የመጀመሪያዎቹን 32 ቁጥሮች «ለወደፊት የኔ ናቸው» ብሎ በመጽሐፉ አስቀምጦ ነበር። አይቢኤም ግን የ8259ን ጥሪዎች ከ8 እስከ 15 ባሉት ላይ ተከላቸው። 286 የተባለው አዲሱ ፕሮሰሰር ሲመጣ ኢንቴል ቁጥር 8ን ለከባድ ስህተት ምልክት አዋለው፤ የሰዓቱ ምትም እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመናዊ የሥራ ሥርዓት የሚጽፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ 8259ን ወደ ሌላ ቁጥር ማዛወር ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሃያ አንደኛዋ መስመር ታሪክ ነው። 8088 ከ1 ሜጋባይት በላይ አድራሻ ቢጠራ ዞሮ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አንዳንድ ፕሮግራሞች በዚህ ዙረት ተማመኑ። በ1984 አይቢኤም ኤቲ የተባለውን ማሽን በ286 ሠራ፤ 286 ግን 24 መስመር ስላለው አይዞርም፣ ወደፊት ይቀጥላል። የድሮው ፕሮግራም እንዳይሰበር ያችን መስመር የሚዘጋ በር አስፈለገ። በሩን የት አደረጉት? በኪቦርዱ ቺፕ ላይ! 8042 የሚባለው የኪቦርድ ተቆጣጣሪ አንድ ትርፍ እግር ስለነበረው የሜሞሪው በር ቁልፍ ለእሱ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ ፕሮሰሰሮች መጥተው ሄደዋል፤ ኮምፒውተር ሜሞሪውን በሙሉ ለማየት ኪቦርዱን የሚያስፈቅድበት ልማድ ግን ለረጅም ዘመን ቀጠለ።

በዚያው በኤቲው ላይ ሁለተኛ 8259 እና ሁለተኛ 8237 ተጨመሩ። ያኔ ከሠሩት አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው መሐንዲስ ማርክ ዲን ነው፤ ከዴኒስ ሞለር ጋር ሆኖ በካርድ ማስገቢያው መስመር ላይ የሠራው ሥራ ስሙን አስጠርቶታል። ሰሌዳው በቺፕ ተጨናነቀ። በ1984 የተመሠረተው ቺፕስ ኤንድ ቴክኖሎጂስ የተባለው ትንሽ ኩባንያ ይህን አይቶ ሁለቱን 8259፣ ሁለቱን 8237፣ የ8253ን ተተኪና ባለ ባትሪውን ሰዓት በአንድ ቺፕ ውስጥ ጠቀለላቸው። ቁጥሩ 82ሲ206 ነበር። «ቺፕሴት» የሚባለው ነገር ከዚህ በኋላ ነው የተስፋፋው። ቺፖቹ ከሰሌዳው ላይ ጠፉ፤ አቀማመጣቸው ግን ቁጥር በቁጥር ሳይነካ በውስጡ ቀረ።

ዶን ኤስትሪጅ ይህን ሁሉ አላየም። ነሐሴ 2 ቀን 1985 በዳላስ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤቱ ጋር አረፈ። 

ያችን ቁጥር ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። የቀለም ቴሌቪዥን ድግግሞሽ በአራት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል የሚገኘው 1193182፣ ዛሬም በሊኑክስ ከርነል ኮድ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ኮምፒውተር የምታስተምሩ ሰዎች፣ ለተማሪዎቻችሁ ስለ ፕሮሰሰር ፍጥነት ስትነግሩ አንድ ቀን መድቡና 8253፣ 8259 እና 8237ን አስተምሯቸው። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የተጣለ አሮጌ ፒሲ ካገኛችሁም ለቁራሌ ከመስጠታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱላቸው፤ በቺፖቹ ጀርባ ላይ የታተሙትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ያንብቡ።